«የቀበሌ ቤት» ከየት መጣ?

ባለፈው ወር በታሪክ ክፍለ ጊዜ «የቀበሌ ቤትን ማን ሠራው?» ብለን ተማሪዎቻችንን ጠየቅን። «ቀበሌ ነዋ!» አሉን። አንዲት ልጅ ግን «ያያቴን ቤት ነው ቀበሌ የወሰደው» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ «እናቴ የተወለደችው ቀበሌ ቤት ነው፤ ቤታችን ነው» አላት። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። እኛም ነገሩን ከሥሩ ልንነግራችሁ ወደድን።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት አብዛኛው የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ብዙው ከተሜ ተከራይ ነው፤ ውጣ ሲሉት ዕቃውን ተሸክሞ ይወጣል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። ነጋዴ ለሥራው የሚሆን ቤት በመንግሥት ፈቃድ መያዝ ይችል ነበር፤ ቤት አከራይቶ መኖር ግን ቀረ።

ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነውን ቤቶች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎች፣ ተረከቡ። ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ስሙ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው። ቀበሌ በአብዛኛው የሠራውን ሳይሆን የተረከበውን ነው ያከራየው።

ታዲያ ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ተጎዳ? ኪራይ ስለተቀነሰ ድሃው ተከራይ እፎይ አለ። በሌላ በኩል ሀብታሙ ብቻ አይደለም የተነካው፤ ሁለት ክፍል ሠርታ በኪራይ ልጆቿን የምታሳድግ ሴትም ገቢዋ ተቋረጠ። አዋጁ ለትርፍ ቤት ካሳ ይከፈላል ይላል፣ ለመሬቱ ግን አይከፈልም። ቤቶቹም አረጁ። ጣሪያ ሲያፈስ ማን ያድሰው? ባለቤት የለ፣ የሚሰበሰበው ኪራይ ደግሞ ለእድሳት አይበቃ።

ደርግ ከወደቀ በኋላም መሬት ወደ ግል አልተመለሰም። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታን በሊዝ የመያዝ አዋጅ መጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም አለ። ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ የሠራው ቤት ግን የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል።

ስለዚህ ሁለቱም ልጆች እውነት ነው የተናገሩት። አንዷ የሠራውን ሰው፣ ሌላው የኖረበትን ሰው ታሪክ ይዞ ነው የመጣው። የአንዱን እውነት ለማቆም የሌላውን ማፍረስ አያስፈልግም።

ተማሪዎች፣ የቤት ሥራችሁ ይህ ነው፦ ማታ ወላጆቻችሁን ወይም ጎረቤት ያሉ አዛውንትን «በ1967 ቤታችሁ ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። በሻንጣ ሥር አሮጌ ካርታ ወይም የኪራይ ደረሰኝ ካለ እንዳትጥሉት፤ ለታሪክም ለመብትም ምስክር ነው።