የእቴጌ ምንትዋብ ግንብና የእኛ ደብተር

በሰቆጣ ዙሪያ ቤት ሲሠራ ውሃውን የምናመላልሰው፣ ጭቃውን የምናቦካው፣ ግድግዳውን የምንለቀልቀው እኛ ሴቶች ነን። ቤቱስ በማን ስም ተመዘገበ? ይህ ጥያቄ የጎንደርን ታሪክ እንድናይ አደረገን።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲያርፉ ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ስለነበር፣ እሳቸውም ዘውድ ጭነው አብረው ነገሡ። በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ግንብ አለ። ይሁን እንጂ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ የራሳቸውን ግቢ አሠሩ። እመቤታችን በስደት ባረፈችበት በግብፁ ስፍራ ስም ቁስቋም አሉት። በድንጋይና በኖራ የታነጸ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት፣ የግብር አዳራሽና ቤተ ክርስቲያን ነበረው። በጣና ሐይቅ ደቅ ደሴትም፣ ከውሃው ዳር፣ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል፤ እዚያ ባለው ሥዕል እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ።

በዚያው ክፍለ ዘመን በኢስታንቡል የኦቶማን ሱልጣኖች እህቶችና ሴት ልጆች በቦስፎረስ ባሕር ዳር የየራሳቸው ቤተ መንግሥት ነበራቸው። አብዛኞቹ የእንጨት ሥራ ስለነበሩ ዛሬ የሉም። የቁስቋም ግንብ የድንጋይ ነው፤ እሱም ቢሆን ጣሪያው ወድቆ ግድግዳው ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያኑም በደርቡሽ ወረራ ጊዜ ተቃጥሎ በኋላ እንደገና ተሠርቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የጎንደርን ቅርሶች ሲመዘግብ ቁስቋምንም አካቷል።

እቴጌይቱ ግን ግንብ አሠርተው ብቻ አልተቀመጡም። ለቁስቋም ደብር ጉልት ሰጥተው በመዝገብ አስጻፉት። በጎንደር ዘመን መዛግብት ውስጥ መሬት የያዙ፣ የሸጡና ያወረሱ ሌሎች ሴቶችም ስማቸው ሰፍሮ ይገኛል። ግንብ ይፈርሳል፤ ለባለመብቷ የሚመሰክርላት የተጻፈው ነው።

ዛሬ በክልላችን በገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ አብሮ ይሰፍራል። ይህ መብት ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ሚስቲቱ ሳታየው ከኖረች ግማሽ ነው። ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ለመጠየቅ ይዘገያል።

ስለዚህ እህቶቻችን፣ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ስማችሁንና የማሳችሁን ስፋት አረጋግጡ። ማንበብ የምትቸገር አባል ብቻዋን አትሂድ፤ ፊደል የቆጠረች እህት ታስከትል። ደጋፊዎቻችንም ለጎልማሶች ትምህርት የምትሰጡት እርዳታ የት እንደሚደርስ ከዚህ ተረዱልን፤ ስሟን ማንበብ የቻለች ሴት ቤቷንም ትጠብቃለች።