የጤና ባለሙያዎች የኅብረት ሥራ፤ ከጎንደር እስከ ቢቸናና ሞጣ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ለታመመ ሰው ለረጅም ዘመን ብርቱ ፈተና ነበር። መኪና በማይደርስበት የምሥራቅ ጎጃም ገጠር በሽተኛው በቃሬዛ ይነሣል፤ ጎረቤቶቹም ትከሻ እየተቀባበሉ፣ የደከመውን ባልደከመው እየተኩ ይጓዛሉ። እንግዲህ ኅብረት ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። ጥያቄው ቃሬዛው ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ያለው ነው፤ በሽተኛውን የሚረከቡት ባለሙያዎችስ እንደዚሁ ይቀባበላሉን?

ለዚህ ጥያቄ በአገራችን ከተሰጡት ቀደምት መልሶች ዋነኛው በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ የብዙ ሰው ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታ የተመሠረተው ይህ ኮሌጅ ያሠለጠነው ነጠላ ባለሙያ ሳይሆን ጓድ ነበር፤ ይኸውም ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን ነው። ሦስቱም 50,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበውን ጤና ጣቢያ በጋራ እንዲያንቀሳቅሱ ታቀደ።

ምክንያቱ ለእኛ ለመሐንዲሶችም ግልጽ ነው። ጤና መኮንኑ ሕፃኑን ከተቅማጥ ቢያድነው፣ ሳኒቴሪያኑ ምንጩን ካላጎለበተ፣ ነርሷም ከእናቲቱ ቤት ካልደረሰች፣ ሕፃኑ ብዙ ሳይቆይ ታሞ ይመለሳል። የአንዱ ድካም በሌላው ጉድለት ከንቱ ይሆናል።

ኮሌጁ ይህን በቃል ብቻ አላስተማረም። የየሙያው ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት በገጠር ጤና ጣቢያ አብረው እየሠሩ፣ የአካባቢውን ችግር አጥንተው በአንድነት ዕቅድ ያወጡ ነበር። ይህ የጓድ ሥልጠና ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

የጤና መኮንኖች ሥልጠና ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ለዓመታት ተቋርጦ ተመልሷል። ዛሬ ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል አላቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል፤ በገጠር አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ተወስኗል። ነገር ግን ባለሙያው በበዛ ቁጥር መረካከቢያው ይበዛል፤ ሕንፃም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ከመጋጠሚያው ላይ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል። ድር ግን በራሱ አያብርም፤ ሸማኔ ይፈልጋል። የጎንደር ኮሌጅ ታሪክ የሚያስረዳን፣ ኅብረት ከመልካም ጠባይ ብቻ የሚጠበቅ ሳይሆን፣ ሥራ ከመያዙ በፊት አብሮ በመሠልጠን የሚገኝ ሙያ መሆኑን ነው።