የጓሳ ሣርና የቄሮ ሥርዓት፦ የአንድ ደጋ አስተዳደር ታሪክ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ምድር፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተንጣለለው የጓሳ ደጋ፣ ለአካባቢው ገበሬ የቤት ክዳን፣ ገመድና ከዝናብ የሚያስጠልለውን ገሳ የሚያስገኘው ጓሳ የተባለው ረጅም ሣር የሚበቅልበት፣ በድርቅ ጊዜም የከብት መጨረሻ መጠጊያ ሆኖ የኖረ ምድር ነው። ይህ ደጋ ቢያንስ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አስተዳደር ሥር እንደቆየ በአካባቢው ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት ሰፊ ግጦሽ ሳይታረስ የተረፈው በዋነኛነት በዚያ ሥርዓት ብርታት ነው።

ቄሮ ያረፈበት መሠረት አጽመ ርስት፣ ማለትም አንድን ምድር አስቀድሞ ከያዘ አባት በመወለድ የሚገኝ፣ ለተወላጆቹ ሁሉ በጋራ የሚተላለፍ የመጠቀም መብት ነበር። ተጠቃሚዎቹ አስቦና ጌራ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ተከፍለው፣ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሹም ይመርጥ ነበር፤ ሹሙም ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ ደጋው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ይወስን ነበር። ሣሩ በደንብ እስኪያገግም ድረስ ደጋው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ በዚህም ጊዜ ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት የተከለከለ ሲሆን፣ የአካባቢው ወንዶች በየተራ ይጠብቁት ነበር፣ ክልከላውን የጣሰም በብርቱ ይቀጣ ነበር። የበጋው ችግር ሲበረታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በየካቲት ወር አካባቢ፣ መከፈቱ ለሕዝብ ይነገር ነበር፤ ሣሩ መጀመሪያ ይታጨድ፣ ከዚያ ከብቱ ይገባ፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ደጋው እንደገና ይዘጋ ነበር። የመዝጊያው ቀን በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መወሰኑ ዘዴኛነት ነው፤ ሁሉ የሚያውቀውን ዕለት አላወቅሁም ብሎ የሚያመካኝ ሰው አይገኝምና።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱን የሚያደንቅ ሁሉ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል፦ ቄሮ ሣሩን የጠበቀው ሰው በመከልከል ጭምር ነበር። የትውልድ ሐረጉን ከቀደምት አባቶች ማስቆጠር ያልቻለ ሰው፣ ደጋው ከደጁ ቢሆንም፣ ጓሳ የማጨድም ሆነ ከብቱን የማሰማራት መብት አልነበረውም፤ የሹመቱም ምርጫ ለተወላጆቹ ብቻ የተተወ ነበር። የደጋው ልምላሜ ለልጅ ልጅ የተላለፈ ሀብት የመሆኑን ያህል፣ ከሐረጉ ውጭ ለተወለደው ደግሞ ያልተሰጠ ሀብት ነበር።

የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህንን አጥር አፈረሰ። ርስት ሲቀር የቄሮ ሹሞች ሥልጣንም አብሮ ቀረ፤ አስተዳደሩ ለገበሬ ማኅበራት ሲተላለፍ ቀድሞ የተገለሉት መብት አገኙ። ይህ ፍትሕ ዘግይቶ የመጣ ነበር፤ ነገር ግን መብቱን ያሰፋው ለውጥ የክልከላውን ኃይል የሚተካ ነገር አላዘጋጀም፣ ስለዚህም ደጋው ለሁሉ ክፍት በሆነ ጊዜ ለመዝጋት የሚችል ባለሥልጣን ጠፋ፣ ሣሩም ከእድገቱ በላይ መታጨድና መጋጥ ጀመረ። ጉዳቱን አስቀድመው ያስተዋሉት በሣሩ የሚኖሩት ገበሬዎች ራሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ የተፈጠረው መፍትሔ ከውጭ የመጣ አልነበረም። ደጋውን የሚያዋስኑት ቀበሌዎች ነዋሪዎች፣ ቀብርና ሐዘን የሚረዳዱበትን የእድር አሠራር ለደጋው ጥበቃ በማዋል ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ደንብም አወጡ፤ መጠቀምም ከዘር ሐረግ ይልቅ በቀበሌ ነዋሪነት ላይ የተመሠረተ ሆነ። ይህ ለውጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል፤ የመዝጋትና የመክፈት ልማድ ከርስቱ ጋር አብሮ አልሞተም፣ ከአዲስ ባለመብቶች ጋር እንደገና ተስማማ እንጂ።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ የአማራ ክልል መንግሥት ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ አድርጎ በሕግ ሲያውቀው፣ ኮሚቴው ያለ ሕግ ይዞት የነበረው ሥልጣን የመንግሥት ድጋፍ አገኘ። ዕውቅናው ግን የቀድሞውን የፍትሕ ጥያቄ በሌላ መልክ አስነስቷል። ክልከላው እኩል ቢታወጅም እኩል አይከብድም፤ ብዙ ከብት ያለው ለመኖ የሚሸጠው ሲኖረው፣ ማገዶና ሣር ከደጋው ለቅማ የምትኖር ሴትና የእርሻ መሬት ያልደረሰው ወጣት ግን ለተዘጋው ዓመት ምትክ የላቸውም። ከቱሪስት የሚገኘው ገቢ እንዴት እንደሚከፋፈልና በኮሚቴው ውስጥ የማን ድምፅ እንደሚሰማ የሚወሰነው፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድ በሚወሰንበት በዚያው ስብሰባ ነው።