የሱልጣን በይበርስ የድመቶች ወቅፍ

  

የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኛችሁ ይሆናል። ባለቤት ያጡ ድመቶችንና ውሾችን ሰብስቦ የሚመግብ፣ የሚያሳክም፣ ከዚያም ለሚያሳድጋቸው ሰው የሚሰጥ መጠለያ እንርዳ ሲባል በብዙ ቤት የሚሰማው መልስ «ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ሰው ሳይጠግብ ለድመት?» የሚል ነው። የተራበ ሰው እንደሚቀድም ማንም አይክድም። ሥራው ከፈረንጅ የመጣ ነው የሚለውን ግን ታሪክ አይቀበለውም።

ወደ ካይሮ እንሂድ። አዝ-ዛሂር በይበርስ ግብጽንና ሻምን ከ658 እስከ 676 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ከ1260 እስከ 1277) ያስተዳደረ የመምሉኮች ሱልጣን ነው። የታሪክ መጻሕፍት በብዛት የሚያነሱት ሞንጎሎችንና የመስቀል ጦረኞችን መመከቱን ነው። ይኸው የጦር ሰው ከካይሮ በስተሰሜን ባሠራው መስጊድ አቅራቢያ የሚገኝ አንድ የአትክልት ቦታ ለድመቶች ወቅፍ አድርጎ ተወ። ቦታው ሕዝቡ ዘንድ «ገይጡል ቂጧ» ይባል ነበር፤ የድመቷ አትክልት ማለት ነው። የወቅፍን አሠራር ታውቁታላችሁ፦ መሬቱ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ገቢው ግን ለተባለለት ዓላማ ይውላል። እዚህ ላይ ዓላማው የሚበሉት ያጡ ድመቶች ነበሩ። ወቅፉን ናዚር ያስተዳድረዋል፤ በናዚሩ ላይ ደግሞ ቃዲው ይቆጣጠራል።

ሱልጣኑ ሥልጣን በያዘበት ጊዜ በዚያችው ከተማ ታላቁ የሻፊዒይ ሊቅ ሸይኽ ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዱሰላም ይኖሩ ነበር፤ የሞቱት በ660 ዓመተ ሂጅራ ነው። ሸይኹ «ቀዋዒዱል አሕካም» በተሰኘው ኪታባቸው የእንስሳትን ሐቅ በዝርዝር አስፍረዋል። ባለቤቱ ከአቅሟ በላይ አይጫናት፤ ከሚጎዳት እንስሳ ጋር አያስራት፤ የምታርፍበትንና የምትጠጣበትን ያመቻችላት፤ ግልገሏን በዓይኗ ፊት አይረድባት ይላሉ። ከሁሉ የሚደንቀን አንድ ነጥብ አለ። አርጅታ ወይም ታማ ከእንግዲህ ምንም የማትጠቅም ብትሆን እንኳ ቀለቧን መቻል ግዴታው ነው ብለዋል። በሀገራችን ያረጀ አህያና የጋሪ ፈረስ አስፋልት ዳር እንደሚጣል የምናውቅ ሰዎች ይህን ቃል ልብ ብለን ልንሰማው ይገባል። ሸይኹ ይህን የጻፉት በአውሮፓ የእንስሳት ማኅበር የሚባል ነገር ከመሰማቱ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው።

እነርሱም ከራሳቸው አላመጡትም። ድመት አስራ ሳትመግብ፣ ሳትለቅም በረሃብ የገደለቻት ሴት በዚያው ምክንያት እንደተቀጣች፣ በጥም ለሚያለከልክ ውሻ በጫማው ውሃ ቀድቶ ያጠጣው ሰው ደግሞ ምሕረት እንዳገኘ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ከቤት ውስጥም አንድ ታሪክ አለ። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ከልጃቸው ሚስት ከከብሻ ዘንድ ገብተው የዉዱእ ውሃ ቀዳችላቸው። ድመት መጥታ ልትጠጣ ስትል ዕቃውን አዘነበሉላት። ከብሻ ተገርማ ስታያቸው ጊዜ «የወንድሜ ልጅ፣ ደነቀሽን?» አሏትና ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ ቤታችን ውስጥ ከሚዘዋወሩት ወገን እንደሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መናገራቸውን አስረዷት።

አሁን ወደ አትክልቱ ቦታ እንመለስ፤ ታሪኩ በመልካም አላለቀምና። ኤድዋርድ ሌይን የተባለ እንግሊዛዊ በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ ካይሮ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1836 ስለ ግብጻውያን ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ ያየውን ጽፏል። ከቀትር በኋላ በቃዲው ፍርድ ቤት ሰፊ ግቢ ውስጥ እጅግ ብዙ ድመቶች ይሰበሰባሉ፤ በቅርጫት የመጣ የሥጋ ትርፍራፊም ይበተንላቸዋል። ድመት የሰለቸው የካይሮ ሰውም አምጥቶ እዚያው ግቢ ይለቃት ነበር። ዛሬ በየመጠለያው በር ካርቶን ውስጥ ተትተው እንደሚገኙት ግልገሎች መሆኑ ነው።

ወጪው ለምን ቃዲው ላይ ወደቀ? ናዚሮቹ አትክልቱ ተበላሽቷል፣ ማልሚያው ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል እያሉ ሸጡት፤ የገዛውም መልሶ ሸጠው። በሌይን ዘመን ከዚያ ሁሉ መሬት ለድመቶቹ የቀረው በዓመት 15 ቂርሽ የመሬት ኪራይ ብቻ ነበር። አመጋገቡም እንደ ቀድሞው አልነበረም። ድመት ፍርድ ቤት ቆማ አትከስም፣ ናዚሩን ሒሳብ አምጣ አትለውም። የማይናገር ባለመብት አማናው ሲበላ እንዲህ በዝምታ ይበላል። በየቲም ገንዘብ ላይ የምንፈራውን ያህል እዚህም ልንፈራ ይገባን ነበር።

«ድመቱስ ይሁን፤ ውሻን ምን እናድርገው?» የሚል አለ። ለእረኝነት፣ ለአደን ወይም ለእርሻ ጥበቃ ካልሆነ ውሻ ማኖር ምንዳ እንደሚያጎድል ሐዲሱ ግልጽ ነው፤ ለሓጁንም በሻፊዒይ መዝሀብ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እናጥባለን። ይህ ቤት ስለማስገባት የተነገረ ነው። ለልጆቻችን ድንጋይ እንዲወረውሩ፣ ለከተማ መርዝ እንዲበተን ፈቃድ የሚሰጥ ቃል በውስጡ የለም። ውሃ አጠጥቶ የተማረው ሰው ያጠጣው ውሻ መሆኑን አንርሳ።

ኢስታንቡል በዚህ ጉዳይ ሁለቱንም አይታለች። በዑስማኒያ ዘመን የየሰፈሩ ሰው የየሰፈሩን ውሾች ይመግብ ነበር፤ በመስጊዶቹ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ለወፎች ትንንሽ ቤቶች ተቀርጸዋል፤ በኡስኩዳር ዛሬም ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1910 ግን ከተማዋን እናዘምናለን ያሉ ሹማምንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን ሰብስበው ሲቭሪአዳ በምትባል ውሃ በሌላት ደሴት ላይ ጣሏቸው፤ እዚያው በረሃብና በጥም አለቁ። ቱርኮች ደሴቲቱን «ኻይርሲዝ» ይሏታል፤ ኸይር የሌላት ማለት ነው። በ2004 የወጣው የቱርክ ሕግ ውሾችን አምክኖና ከትቦ ወደነበሩበት መመለስን አዘዘ። በ2024 ደግሞ ተሻሽሎ ማዘጋጃ ቤቶች ሁሉንም መጠለያ እንዲያስገቡ አስገደደ። መጠለያው ሳይበቃ ቢታጎሩስ የሚለው ክርክር በዚያ አገር ከባድ ነው።

እኛስ? የሐረር ሰው በዐሹራ ቀን ለጅብ ገንፎ በቅቤ ሠርቶ ያቀርባል፤ የጀጎል ግንብም ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ጅብን ያህል አውሬ እንግዳ ያደረገ ሕዝብ ስለ ድመት ከማንም ፈቃድ የሚጠይቅ አይመስለንም።

ለእናቶችና ለአባቶች የሥራውን ጉዳይ እንንገር። ድመት የሚፈልግ ቤት ከመግዛት ይልቅ ከመጠለያ ወይም ከጎረቤት ቢወስድ ይሻላል፤ የድመትን ዋጋ የሚከለክል ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧልና። አብዛኞቹ ፉቀሃእ ሽያጩን ቢፈቅዱም በነጻ መቀባበል ከኺላፉ ያወጣል። የጊቢ ውሻ ያላችሁ አስከትቡ፤ ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ሲከተብ የእብድ ውሻ በሽታ መተላለፉ እንደሚቆም የጤና ባለሙያዎች ይናገራሉ። በዒደል አድሓ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ብታገኙ ቅበሩት እንጂ ለውሻ አትጣሉት፤ ትሉ በውሻው በኩል ተመልሶ ልጆቻችንን ይይዛልና። ንጹሑን ትርፍራፊ ግን አትንፈጉ።

ዘካን በተመለከተ፣ ባለመብቶቹ ስምንቱ ክፍሎች በቁርኣን የተዘረዘሩ ሰዎች ስለሆኑ ለእንስሳት መጠለያ አይሰጥም። ሰደቃና ወቅፍ ግን ይሰጣል። የሚሰጥም ሰው ሒሳቡን ማን እንደሚይዝ አስቀድሞ ይጠይቅ።