የምንትዋብ ፋሲካና 532

ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ዘውድ የጫኑት በ1723 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ፋሲካ መቼ ዋለ? በባሕረ ሐሳብ ቆጠርነው፦ ሚያዝያ 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት። ሚያዝያ 23 በ1997ም በ2008ም ፋሲካ ውሏል፤ የዓመታቱ ተርታ በሙሉ ሳይዛነፍ የሚደገመው ግን በ532 ዓመት ነው። የ1723 ተራ በ2255 ይመለሳል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል።

ለምን 532? የጨረቃ ዙር 19 ዓመት ነው። ጳጉሜን 6 የምትሆነው በ4 ዓመት አንዴ ስለሆነ 4 ጊዜ 19፣ 76። እዚህ ላይ ለምን አይበቃም? ቀኑን እንቁጠረዋ! 76 ዓመት 27,759 ቀን ነው፤ ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል። በዚህች 4 የተነሳ ከ76 ዓመት በኋላ፣ በ1799፣ ፋሲካ ሚያዝያ 19 ዋለ። እሑድን መልሶ እሑድ ላይ ለማሳረፍ 76ን 7 ጊዜ መድገም ግድ ነው፦ 194,313 ቀን፣ ልክ 27,759 ሳምንት። ያው ቁጥር ቀን ሆኖ ሄዶ ሳምንት ሆኖ መጣ (በ7 ስላባዛነው ነው፣ ግን ደስ ይላል)።

ከዓመተ ዓለም ስንነሳ ምንትዋብ የነገሡት በ14ኛው ዐቢይ ቀመር 307ኛ ዓመት ነው። በ1880 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቁስቋምም ተቃጠለ። ቀመሩ በአብነት ተማሪ ቃል የሚያዝ ነውና እሳቱ አላገኘውም፤ ዙሩ ሊሞላ 68 ዓመት ይቀረው ነበር። በ1948 ሞላ። እኛ ያለነው 15ኛው ውስጥ ነው።