የወፍጮ ጆሮ፦ የማሽንን ብልሽት በንዝረት የመለየት ታሪክ በሰሜን ሸዋ ደጋ

የሚዞር ማሽን ሁሉ ይንዘፈዘፋል። ጤነኛ ሲሆን ንዝረቱ ትንሽና አንድ ወጥ ነው፤ ሲታመም ይበረታል ወይም ጠባዩን ይለውጣል። ይህን ለውጥ ተከትሎ ማሽኑ ሳይፈታ፣ ብዙ ጊዜም ሥራ ሳያቆም ብልሽቱን መለየት የንዝረት ምርመራ ይባላል። ዛሬ በመለኪያና በኮምፒዩተር ቢሠራም የሙያው መነሻ ጆሮና መዳፍ ናቸው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ የኋላ ታሪኩ ከወፍጮ ጋር የተያያዘ ነው።

ነገርን አንኳኩቶ በድምፁ መመርመር ከማሽን በፊት የነበረ ልማድ ነው። ገበያ ወጥቶ እንስራ ወይም ማድጋ የሚገዛ ሰው ሸክላውን በጣቱ መታ መታ ያደርገዋል፤ ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። በአብያተ ክርስቲያናት ለደወል የሚያገለግለው መረዋ ድንጋይም ዋጋው በድምፁ ጥራት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ምሉዕ አካል ሲመታ ንዝረቱ ከዳር ዳር ይመላለሳል፤ ስንጥቅ ካለ ግን የስንጥቁ ሁለት ፊቶች እየተፋተጉ ጉልበቱን ይበሉታል፣ ድምፁም ቶሎ ይሞታል።

በእጅ ወፍጮ ዘመን ይህን ዕውቀት የያዙት ሴቶች ነበሩ። ፈጪዋ ወፍጮው መለስለሱን የምታውቀው ዱቄቱን በማየት ብቻ አይደለም፤ መጁ መንከስ ትቶ ሲንሸራተት ድምፁም በእጅ ላይ የሚሰማው ንክሻም ይለወጣል። ያን ጊዜ ወፍጮው ይወቀራል፤ ሻካራነቱም ይመለስለታል። ሆኖም የእጅ ወፍጮ ስለማይዞርና ዝግ ብሎ ስለሚሠራ የንዝረት አደጋ አልነበረበትም።

የሚዞር ወፍጮ ወደ ሸዋ ቀደም ብሎ የገባው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ዲሜትሪዮስ የተባለ አልባኒያዊ ባለሙያ በአንኮበር አካባቢ በውኃ የሚሽከረከር ወፍጮ ሠራ። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በሸዋ የቆየው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለዚህ ወፍጮ ጽፏል። እህሉ ያለ ሰው እጅ መፈጨቱ በካህናቱ ዘንድ የርኩስ መንፈስ ሥራ ተብሎ ተወገዘ፤ ወፍጮውም ሥራ ፈቶ ቀረ።

ማሽኑ በደጋው ሥር የሰደደው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዲዝል ሞተር የሚሠራው ወፍጮ ቤት ሲስፋፋ ነው። ከእርሱ ጋር አዲስ ችግር መጣ። አንድ ጎኑ የከበደ ድንጋይ ሲዞር ዘንጉን ወደ ከባዱ ጎን ይጎትተዋል፤ የዙሩ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ይህ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በዝግታ ሲዞር ምንም የማያመጣ ጉድለት በሞተር ፍጥነት ኩሽኔታ ይበላል፣ ቡሎን ያላላል፣ መሠረት ይሰነጥቃል።

ባለወፍጮው ድምፅ መለየት የግድ ሆነበት። እህል ሲያልቅ ድንጋዮቹ ተገናኝተው ይፋጫሉ፤ ቺንጋ ሲላላ እየተርገፈገፈ ይማታል፤ ቅባት ያጣ ኩሽኔታ ያፏጫል፣ ሲበላ ደግሞ ያጉረመርማል። ጉርምርምታው ከየት እንደሚመጣ ለመለየት መካኒኮች የካቻቢቴውን ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ አሳርፈው እጀታውን ከጆሯቸው ያስጠጋሉ፤ ብረቱ የሌላውን ጫጫታ አልፎ የዚያን ክፍል ድምፅ ብቻ ያደርሳል። ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎንና ቺንጋ የሚሉት ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ጆሮና መዳፍ የሥራ ክፍፍል አላቸው። በደቂቃ 600 ዙር የሚዞር ሞተር በሰከንድ 10 ጊዜ ይዞራል። የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በታች የሚደጋገመውን ንዝረት አይሰማም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የዚህን ሞተር ሚዛን መዛባት የሚያውቀው መዳፍ ነው። የኩሽኔታ ቁስል ግን ፈጣን ንዝረት ስለሆነ የጆሮ ድርሻ ነው። ሁለቱም አንድ ጉድለት አለባቸው፦ የትናንቱን መጠን በቁጥር አያስቀምጡም።

ቁጥሩ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪየ እ.ኤ.አ. በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውም ውስብስብ ሞገድ የቀላል ሞገዶች ድምር ሆኖ ሊተነተን እንደሚችል አሳየ። በ1939 አሜሪካዊው መሐንዲስ ራትቦን ምን ያህል ንዝረት ደህና፣ ምን ያህሉ አደገኛ እንደሆነ የሚያመለክት ሠንጠረዥ አወጣ። በ1965 ኩሊና ቱኪ የተባሉ ተመራማሪዎች የፉሪየን ስሌት ለኮምፒዩተር እጅግ የሚያፋጥን ዘዴ አሳተሙ። በ1974 ደግሞ የንዝረት መጠን ደረጃ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ መለኪያ ጸደቀ።

የዘዴው አሠራር እንዲህ ነው። በኩሽኔታው ቤት ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩም በድግግሞሹ ይለያየዋል። በደቂቃ 1,500 ዙር የሚዞር ዘንግ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል። በ25 ላይ ንዝረቱ ጎልቶ ከታየ የሚጠረጠረው የሚዛን መዛባት ነው፤ በ50 ላይም ከበረታ የሁለቱ ዘንጎች መስመር አለመግጠም። በ25 ብዜቶች ላይ በተርታ ከታየ የላላ ነገር አለ። ዘንጉ ላይ 32 ጥርስ ያለው ማርሽ ካለ የጥርሶቹ ንዝረት በ800 ላይ ይወጣል። የኩሽኔታ ቁስል ከእነዚህ የሚለየው የዙሩ ሙሉ ብዜት ባልሆነ ድግግሞሽ መታየቱ ነው።

እንዲህ ያለ ምርመራ የሚያስፈልጋቸው ትልልቅ ማሽኖች ለደጋው የቀረቡት በደብረ ብርሃን ነው። ባናና ዝተት በእጅ በሚሠራበት በመንዝ አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ተቋቋመ። ሱፍ የሚያበጥር ማሽን የሚሠራው በከባድ ተሽከርካሪ ሲሊንደር ነው፤ ሚዛኑ ከተዛባ የሲሊንደሮቹ ርቀት ይናጋል፣ የሚወጣውም ክር አንድ ወጥ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የቢራ ፋብሪካ ሲከፈት ፓምፕና ኮምፕረሰር ተጨመሩ። ከፍታው የራሱ ጫና አለው፦ የተለመዱ የኤሌክትሪክ ሞተሮች እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስበው ሲሠሩ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስስ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ሞተሩ ይሞቃል፣ ቅባት ይቀጥናል፣ የኩሽኔታ ዕድሜም ያጥራል።

ሴንሰሩም ቢሆን ያለ ንጽጽር ብዙ አይናገርም። አንድ ማሽን አዲስ ሳለ ይለካል፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ነጥብ፣ በዚያው ፍጥነትና በዚያው ጭነት በየጊዜው ይለካል፤ ፍርዱ የሚሰጠው በልዩነቱ ነው። ባለወፍጮውም የሚፈርደው የዛሬውን ድምፅ ከትናንቱ ጋር አስተያይቶ ነው። የእርሱ መዝገብ ግን በራሱ ጆሮ ውስጥ ስላለ ወፍጮው ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ አብሮ አይሻገርም፤ በመለኪያ የተያዘው መዝገብ ለሚቀጥለው መካኒክ ይተርፋል።