ነፍሰ ገዳይን ስለ መፈለግና የተሳሳተ ፍርድን ስለ ማረም

ሰው ተገድሎ በተገኘና ገዳዩ ባልታወቀ ጊዜ ሕዝብ ሁለት ጥያቄዎች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ገዳዩ ማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ የተፈረደበት ሰው ገዳዩ እንዳልነበረ ከዓመታት በኋላ ቢታወቅ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። የአገራችንን ልማድ የመረመሩ ሊቃውንት ስለ ፊተኛው ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ኋለኛው የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የዚህም ጽሑፍ አሳብ ሁለቱን ጥያቄዎች አያይዞ መመልከት ነው። ለመመልከቻ የተመረጠውም ስፍራ የሞጆ ከተማና አካባቢዋ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ የአገሬው ልማድ፣ የመንግሥት ሕግና ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ በአንድነት ይገናኛሉ።

በቀድሞው ዘመን ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሥርዐት ይደረግ ነበር። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረም ይቀጣል። ሽማግሎች ይመረጡና እያንዳንዱ ሰው እየማለ ያየውንና የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ምስጢሩን የሚያወጣው ሰው በደመኛው እንዳይጠቃ ስሙ አይገለጥም፤ «ወፍ» ይባላል እንጂ። ወንጀለኛው ሳይገኝ የቀረ እንደ ሆነ ነዋሪው የጉዳቱን ካሣ በጋራ ያዋጣል። እንግዲህ ይህ ሥርዐት የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ይኸውም በአንድ አጥቢያ የሚኖር ሰው የጎረቤቱን መውጫና መግቢያ፣ ወዳጅና ጠላት ያውቃል የሚል ነው። ካሣውን በጋራ መክፈሉም የሚያውቀውን እንዳይደብቅ የሚያስገድድ ብልሃት ነበር።

ነገር ግን የሥርዐቱ ብርታት ደካማ ጎኑም ነው። ወፏ ፊት ለፊት ቀርባ ስለማትጠየቅ፣ በርስት ወይም በጋብቻ ቂም የያዘ ሰው በወፍ ስም ጠላቱን ሊያስይዝ ይችላል። ሌባ ሻይ በሚባለው ልማድ ደግሞ አደጋው ከዚህ ይብሳል። ይህ ልማድ ይልቁንም ለስርቆት የሚያገለግል ነበር፤ መድኀኒት የጠጣ ልጅ በወገቡ በታሰረ መቀነት ተይዞ ይለቀቅና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። በአውጫጭኝ ቢያንስ የሰው ቃል አለ፤ ቃልም በቃል ሊመለስ ይችላል። የሰከረ ልጅ ለወደቀበት ደጃፍ ግን መልስ የለውም።

በፍትሐ ነገሥት ዘንድ ፍርድ በምስክር እንዲጸና ታዟል፤ ከመጽሐፍ ቅዱስም በተወረሰው ሕግ ሐሰተኛ ምስክር በባልንጀራው ላይ ያሰበውን ቅጣት ራሱ ይቀበላል። ከሳሽና ተከሳሽ በቁራኛ ታስረው ወደ ዳኛ መቅረባቸውም ከሳሹ ለሚናገረው ቃል በራሱ ላይ መከራ እንዲሸከም የሚያደርግ ነበር። ይህ ሁሉ ከሐሰት ክስ የሚከላከል ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄው ግን ከፍርድ በፊት ነው። ከፍርድ በኋላ ነፍሰ ገዳይ የተባለው ሰው ለሟች ወገኖች ይሰጣል፤ እነርሱም ወይ የደም ገንዘብ ይቀበላሉ፣ ወይም ሟች በሞተበት ዓይነት መሣሪያ ይገድሉታል። የደሙን ገንዘብ ከተቀበሉ ስሕተቱ ሲገለጥ ከብቱም ሆነ ብሩ ሊመለስ ይችላል። ሞትን ከመረጡ ግን የሚመለስ ነገር የለም፤ ያልገደለው ሰው ወገኖችም በተራቸው ደም ፈላጊ ይሆናሉ።

በሞጆ አካባቢ ባለው የኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የደም ነገር በጉማ ይፈታል። ጉማ የገዳይና የሟች ወገኖች በሽማግሎች አማካይነት ካሣ ተከፍሎ፣ ደሙም በሥርዐት ታጥቦ የሚታረቁበት ልማድ ነው። በዚህ ላይ ተማሪው ሁለት ነገሮችን ሊያስተውል ይገባዋል። አንደኛው፣ ዕዳው የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የጎሳ መሆኑ ነው። እስር ቤት በአንድ ሰው አካል ላይ የሚያሳርፈውን ሸክም ጉማ በብዙ ትከሻ ላይ ያከፋፍለዋል። ሁለተኛው፣ ጉማ ገዳዩ ከታወቀ በኋላ የሚደረግ ዕርቅ እንጂ ያልታወቀውን ገዳይ የመፈለጊያ መንገድ አለመሆኑ ነው። ላልታወቀው ነገር የሚያገለግለው ካኩ የሚባለው መሐላ ነው። የሐሰት መሐላ በማለው ሰውና በዘሩ ላይ መዓት ያመጣል ተብሎ ይታመናልና፣ የማለ ሰው ቤት መከራ ሲደርስበት የተደበቀውን ነገር ሊያወጣ ይገደዳል። በዚህ አሳብ መሠረት ነገሩ በዳኛ ቃል አያልቅም፤ በተጠርጣሪው ሕሊና ውስጥ ተከፍቶ ይቆያል። በአማርኛም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲባል የሚገለጠው ይኸው ተስፋ ነው።

ሞጆ ግን የአንድ አጥቢያ ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ስፍራ አይደለችም። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ሞጆ በመሥመሩ ላይ ካሉት ከተሞች አንዷ ሆነች። ወደ ሐዋሳ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከእርሷ ነው። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የተቋቋመው የሞጆ ደረቅ ወደብ ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣውን ኮንቴይነር ተቀብሎ ወደ አገር ውስጥ የሚያሰራጭ ዋና በር ሆኗል። የከባድ መኪና ነጂው፣ ረዳቱ፣ ጫኝና አውራጁ፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ አንድ ሌሊት የሚያድረው መንገደኛ ሁሉ በዚያ ይተላለፋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ሬሳ ቢገኝ የትኛው ሕዝብ በየትኛው ሜዳ ይሰበሰባል? ሟቹን የሚያውቅ በሌለበት ወፏ ምን ትናገራለች? ስለዚህ እንግዳ በበዛበት ከተማ የመርማሪ ፖሊስ ሥራ በጎረቤት ዕውቀት ምትክ የግድ ይሆናል። ከዚህም ጋር አዲስ አደጋ ይመጣል፤ ወገን የሌለው እንግዳ ለጥርጣሬ የቀረበ፣ ለመከላከያ ምስክር ግን የራቀ ነው።

አዲሱ ሕግ ይህን አደጋ አላቃለለውም ማለት አይቻልም። በ1950 ዓ.ም. የጸናው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐት ሕግ የደም በቀልን ከወገን እጅ አውጥተው ለመንግሥት ሰጡ። ከባድ የሰው ግድያ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከመታየቱ በፊት በቀዳሚ ምርመራ የምስክሮች ቃል ተጽፎ እንዲቀመጥ ታዘዘ። የሞት ፍርድም በርእሰ ብሔሩ ሳይጸና እንዳይፈጸም ተደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ እንዲገመትና በማስገደድ የተገኘ የእምነት ቃል ማስረጃ እንዳይሆን አዘዘ።

ሆኖም በሕጎቹ መካከል አንድ ክፍተት ይታያል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዐት ሕግ በ6ኛው አንቀጹ፣ ፍርዱ በሐሰት ሰነድ፣ በሐሰት ምስክርነት ወይም በጉቦ የተሰጠ መሆኑ በኋላ ሲታወቅ የፈረደው ፍርድ ቤት ነገሩን እንደገና እንዲመረምር ይፈቅዳል። በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዐት ግን ይህን የመሰለ አንቀጽ አልገባም። እንግዲህ በሐሰት ምስክር መሬቱን የተነጠቀ ሰው የሚያንኳኳው በር ሲኖረው፣ በሐሰት ምስክር ነፍሰ ገዳይ የተባለ ሰው ይግባኙ ካለቀ በኋላ ያን በር አላገኘም። ሰበር ችሎት አለ ቢባል፣ የሚመረምረው መሠረታዊ የሕግ ስሕተትን ነው፤ ገዳዩ ሌላ ሰው ነው የሚል አዲስ ማስረጃ ግን የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው።

የቀረው መንገድ ይቅርታ ነው። በቋንቋችን ይቅርታ የሚጠየቀው ለሠሩት በደል ነው፤ ያልገደለ ሰው ይቅርታ ሲለምን ያላደረገውን እንዳመነ ይቆጠራል። ከእስር ይወጣል፤ ነፍሰ ገዳይ የሚለው ስም ግን ከእርሱ ጋር ወደ ቤቱ ይገባል። የደም ነገር ከጋብቻና ከጉርብትና ጋር በተያያዘበት አገር ይህ ስም በልጆቹም ላይ ይቀራል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የገባችበት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ አዲስ በተገኘ ማስረጃ የፍርድ ስሕተት ለተረጋገጠለት ሰው ካሣ እንዲሰጠው ያዛል። ካሣ ለመስጠት ግን አስቀድሞ ስሕተቱ የሚረጋገጥበት ሥርዐት ሊኖር ይገባል።

የሌሎች አገሮች ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በእንግሊዝ አገር ቲሞቲ ኤቫንስ የሚባል ሰው በ1950 እ.ኤ.አ. ልጁን ገድሏል ተብሎ ተሰቀለ። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ቤት ይኖር የነበረውና በኤቫንስ ላይ የመሰከረው ጆን ክሪስቲ የብዙ ሴቶች ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ለኤቫንስ ከሞተ በኋላ ምሕረት የተሰጠው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. አሌክ ጄፍሪስ ሰውን በዘረመሉ የመለየት ዘዴ ካገኘ በኋላም ዘዴው በመጀመሪያ በአንድ የግድያ ምርመራ ላይ ሲውል የለየው ገዳዩን ሳይሆን፣ በሐሰት ያመነውን ወጣት ንጽሕና ነበር። እንግሊዞች በ1997 እ.ኤ.አ. ያለቁ የወንጀል ፍርዶችን ብቻ የሚመረምር ራሱን የቻለ ኮሚሽን ሥራ አስጀመሩ።

በእኛም አገር ያረጀ የሞት ነገር ሊመረመር እንደሚችል ታይቷል። ደርግ በ1967 ዓ.ም. በሕመም ሞቱ ያላቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥቷል። በቀይ ሽብር የተገደሉትም ሰዎች ዐፅም የአርጀንቲና የአስከሬን ምርመራ ሊቃውንት በረዱበት ሥራ ከየመቃብሩ ወጥቶ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኗል። ያ ምርመራ ገዳዩን ለማግኘት የተደረገ ነበር። ያው ጥበብ ያልገደለውን ለማዳንም ያገለግላል።

ጊዜም ራሱ ዳኛ ነው። በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ክስ በ25 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ በተሳሳተ ፍርድ የሚጎዳው የታሰረው ሰው ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ ተዘግቶ በቆየባቸው ዓመታት እውነተኛው ገዳይ ከፍርድ ያመልጣል፣ የሟች ወገኖችም ደማቸው እንደ ተመለሰ ተቆጥሮ ዝም እንዲሉ ይደረጋሉ።

የኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። የአገሬው ልማድና የመንግሥት ሕግ ጎን ለጎን መጠናት ያለባቸው በዚህ ጊዜ ነው። የጥናቱም ጥያቄ ሽማግሎች እንዴት ያስታርቃሉ በሚለው ብቻ ሊወሰን አይገባውም፤ ጉማው ከተከፈለ በኋላ ሌላው ሰው ገዳይ መሆኑ ሲገለጥ ከብቱ ለማን ይመለሳል፣ ስሙስ በማን ፊት ይነጻል ተብሎ በሉሜና በአጎራባቹ ወረዳዎች ካሉ አረጋውያን ሊጠየቅና ሊጻፍ ይገባል። ሕግ አውጪውም ካኩን እንደ ማስረጃ ይቀበል አይባልም። ነገር ግን ከፍርድ በኋላ የሚገኝን እውነት የሚሰማ ችሎት ማቋቋም፣ ሽማግሎቹ በመሐላ ክፍት አድርገው ያቆዩትን በር በጽሕፈት መክፈት ማለት ነው።